የተቆለፈበት ማገናኛ

እሳት ለማጥፋት የሚያስፈልገው ውሃ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር ስመላለስ ከከረምኩ በኋላ ግን ውሃው ሁለተኛ እንደሆነ ገባኝ። ደሴ ውሃ አለ፤ ኮምቦልቻም ውሃ አለ። የሚያናድደው የአንዱ ውሃ ለሌላው የማይደርስበት ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ ከጸሎት በተነሳች ቁጥር «ጌታ አፍሽን ይጠብቅልሽ» የምትለኝ ያለ ነገር አይደለም።

ሦስት በጎ ፈቃደኞች ነበርን። እኔ ኮሌጅ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። አንዷ ጓደኛችን ካርታ ሠሪ ናት። ሌላው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ አባቱ ፒያሳ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፣ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ። ሥራችን ሲነገር ትልቅ ይመስላል። በሁለቱ ከተሞች ያሉት የእሳት አደጋ ቡድኖች፣ የከተማውም የፋብሪካውም፣ ቃጠሎ ሲነሳ የት ላይ እንደሚደናቀፉ መረጃ ሰብስበን ማጥናት፣ ከዚያም አብረው የሚሠሩበትን መንገድ ማሳየት ነበር። በተግባር ግን አብዛኛው ሥራችን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ኃላፊ መጠበቅ ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቃል የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን የሰማሁ አይመስለኝም።

የጓደኛዬ አባት «እሳት ቆጣሪዎች» ይሉናል። በሱቃቸው ፊት ስናልፍ ከመደርደሪያው ኋላ ሆነው ይጠሩናል።

«ዛሬስ ስንት ቆጠራችሁ?»

«እየቆጠርን ነው አባ።»

«ማሻአላህ። እሳቱ ሲቆጥሩት የሚጠፋ ከሆነ እኔንም አስተምሩኝ።»

ሳቃቸው ደግ ነው፤ ሰው አያስቀይምም። ጉልበታቸውን ግን ክፉኛ ያማቸዋል። ዙህር ሰግደው ምሳ ከበሉ በኋላ ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ጋደም ይላሉ፤ ከእንጨቱ ደረጃ ለመውረድ የሚደግፋቸው ሰው ያስፈልጋል። ያቺ ክፍል አንድ መስኮት አላት፣ እሱም ለሌባ ተብሎ የብረት ፍርግርግ የተበየደበት። ልጃቸው ማረፊያቸውን ወደ ምድር ቤት እንዲያወርዱ ደጋግሞ ለምኗቸዋል። «ጥርሴን የነቀልኩበት ቤት ነው፣ አብሽር» ብለው ይመልሱታል።

በጥናታችን ያገኘነው ነገር መኪኖቹ እንደማይዘገዩ ነው። ይደርሳሉ። ከደረሱ በኋላ ነው የሚቆሙት። የደሴው መኪና ውሃ በኃይል የሚገፋ ፓምፕና ረጅም ቱቦ አለው፣ ታንከሩ ግን ቶሎ ያልቃል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ትልቅ ውሃ ጫኝ መኪና አለው፤ ውሃውን ወደ ፎቅ የሚገፋበት ጉልበት ግን የለውም። ሁለቱ ቢገጣጠሙ ነገሩ ባለቀ ነበር። አንዱ ከአንድ አገር በእርዳታ የመጣ፣ ሌላው ከሌላ አገር የተገዛ ስለሆነ የቱቦዎቻቸው አፍ አይገጥምም። ሠራተኞቹ የጎማ ላስቲክ ጠምጥመው ሊያገናኟቸው ሲሞክሩ ላስቲኩ ይፈነዳል፣ ውሃውም መሬት ይጠጣዋል። ይህን ስብሰባ ላይ ስናቀርብ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ያውቀው ኖሯል። እያንዳንዱ ሌላው ወገን የሚያስተካክለው መስሎት ዝም ብሎ ነበር።

ከብዙ ስብሰባ በኋላ በሁለት ነገር ተስማማን። ስብሰባው ሁሉ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ይከፈታል፤ አንበሳውን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የመጀመሪያው ስምምነት ደሴ ላይ እሳት ሲነሳ የፋብሪካው መኪና ደብዳቤ ሳይጠብቅ በስልክ ጥሪ ብቻ እንዲወጣ ነበር። ሁለተኛው፣ ብረት የሚቀረጽበት የፋብሪካው ቶርኖ ቤት በአንድ ጎኑ የደሴን ቱቦ፣ በሌላው የፋብሪካውን ቱቦ የሚይዝ የነሐስ ማገናኛ እንዲሠራ። መጀመሪያ አንድ ተሠርቶ ይሞከራል፣ ከሠራ ሌሎች ይጨመራሉ።

ይህን ሁሉ ያስፈቀደልን የፋብሪካው የደህንነት ኃላፊ ነው። ደግ ሰው ነው፤ በኋላ የምናገረው እንዳያስቀይምበት አስቀድሜ ልበለው። ከዓመታት በፊት በአንድ ቃጠሎ የመጋዘን በር በመጥረቢያ ሰብሮ ሰው አውጥቶ ነበር። ሰውየው ዳነ፤ እሱ ግን «በማን ፈቃድ ሰበርክ?» ተብሎ በዲሲፕሊን ተከሶ ሲንገላታ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፊርማ ውሃም አይጠጣም እያልን እንቀልድበታለን። ሲሰማን ይስቃል፣ ግን ሳቁ ዓይኑ ድረስ አይደርስም።

በሙከራው ቀን እኔና ጓደኛዬ የደሴን ቱቦ ቁራጭ ተሸክመን በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድን። ካርታ ሠሪዋ ሥራ ስለነበረባት ደሴ ቀረች። ፋብሪካው ግቢ ስንደርስ ኃላፊው ከሩቅ አይቶን አንገቱን አከከ። ያቺን ማከክ አውቃታለሁ።

«አልተሠራም እንዳትለኝ» አልኩት።

«ተሠርቷል። ትናንት አለቀ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ!»

«የታለ ታዲያ?»

«ንብረት ክፍል ገብቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በቶርኖ ቤቱ የተሠራ ማንኛውም ዕቃ ንብረት ክፍል ገቢ ይሆናል። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ማገናኛውን ተረክባ ከሌላው ዕቃ ለይታ ደህና ቦታ አስቀመጠችው፤ ቆለፈች፤ በጓጉንቸሩ ላይ ወረቀት ለጥፋ ፈረመችበት። ዛሬ ደጋን ለቅሶ ሄዳለች፣ ቁልፉም አብሯት ሄዷል። ማንም ሥራውን አላጎደለም። ውድ ነገር ሜዳ ላይ አይተውም ብለው፣ ስለወደዱት ነው የቆለፉበት። እሳት ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ይመስል።

«ደውልላት» አልኩት።

«ስደውል ነው የዋልኩት። ለቅሶ ቤት ስልክ ማን ያነሳል?»

ጓደኛዬ ነገር ማብረድ ይወዳል፤ ነገ ተመልሰን እንመጣለን አለ። እኔ ገና አፌን ስከፍት ስልኬ ጠራ። ካርታ ሠሪዋ ነበረች። ከኋላዋ ጩኸት ይሰማል።

«ፒያሳ እየነደደ ነው» አለችኝ። «ከጎንሽ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንዳይሰማኝ። ከታች ከሱቃቸው ነው የተነሳው። ደረጃው ተያይዟል። ሽማግሌው ከላይ ናቸው።»

ፊቴን መደበቅ አልችልበትም። ጓደኛዬ ዓይኔን አየና ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ሲሰማ አልጮኸም። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ለኃላፊው ነገረው።

ኃላፊው ያን ጊዜ አላመነታም፤ ይህን ልመስክርለት። ስምምነታችን ሠራ። ደብዳቤ የጠየቀ የለም፤ የደሴ ጥሪም ወዲያው ደረሰ፣ ውሃ ጫኙ መኪና ደወሉን እያንጫጫ ከግቢው ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ውሃ ያለ ማገናኛ ነው የሄደው። ደርሶ ሊቆም ነው።

«ጓጉንቸሩን ስበረው ጋሼ» አልኩት።

የንብረት ክፍሉን በር አየ።

«ስበረው እንጂ!»

«የኔ እህት፣ የታሸገ ንብረት ክፍል ነው። ብቻዬን ብሰብር ነገ የጎደለው ዕቃ ሁሉ በእኔ ነው የሚቆጠረው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

«እዚያ የሚፈሰው ጤፍ መሰለህ?» ስል ጮኬ ነበር። የቶርኖ ቤቱ ሠራተኞች ወጥተው ያዩን ነበር።

ላቡን ጠረገ። ከዚያ እኛ አገር ብቻ ሊባል የሚችል ነገር ተናገረ። «ኮሚቴ እናቋቁም።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። በደንቡ መሠረት የታሸገ ክፍል በአስቸኳይ የሚከፈተው ሦስት ሰው ባለበት ነው፤ ሰብሳቢ፣ አባልና ጸሐፊ። ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሦስቱም ይፈርማሉ። የአስተዳደር ሰዎቹ ለምሳ ወጥተዋል። «እናንተ በጎ ፈቃደኞች ናችሁ፣ ገለልተኛ ናችሁ፣ ትሆናላችሁ» አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። ሰውየው ክፋት እንደሌለበት፣ መንገድ እየፈለገ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ልመታው ነበር የፈለግሁት። ያንን ወረቀት ቀድጄ ፊቱ ላይ ልበትነው ተነሳሁ።

ጓደኛዬ እስክሪብቶውን ቀማው።

«ተዪው» አለኝ። «ከእሱ ጋር ስትጨቃጨቂ አባቴ ያልቃል። እኔ ፈጥኜ እጽፋለሁ። በል ንገረኝ፣ ምን ልበል?»

ኃላፊው ቆሞ አጻፈው፤ ጓደኛዬ በርሜል ላይ ተደግፎ ጻፈ። በደሴ ከተማ በፒያሳ አካባቢ በአንድ የንግድ ቤት ላይ በደረሰ ድንገተኛ ቃጠሎ ምክንያት። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ በማኅበራዊ ጉዳይ ከሥራ ገበታዋ ላይ ባለመገኘቷ። «አንድ የንግድ ቤት» ብሎ ሲጽፍ እስክሪብቶው ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ስልኩ በእኔ እጅ ነበር፣ ካርታ ሠሪዋ አልዘጋችውም። የደሴው ቡድን መስኮቱ ላይ ውሃ እየረጨ እሳቱን ከክፍሏ እያገደ እንደሆነ፣ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ሆነው ፍርግርጉን በመጋዝ እየቆረጡ እንደሆነ ትነግረኛለች። «ውሃው እየቀነሰ ነው» ትላለች። «የእናንተ መኪና የት ደረሰ?» ትላለች። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ እየጻፍን ነው ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። «እየመጣ ነው» አልኳት።

ተፈራረምን። ፊርማዬ የእኔን አይመስልም ነበር።

ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ከግድግዳው መጥረቢያ አነሳ። ጓጉንቸሩ በአንድ ምት ተሰበረ። ማገናኛው መደርደሪያው ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።

የፋብሪካውን ፒካፕ ኃላፊው ነዳው፣ እኔ ከጎኑ፣ ጓደኛዬ ከኋላ ማገናኛውን አቅፎ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰው እንደ ጸሎት የሸመደደው መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ጠላሁት። ሐረጎን ስንጀምር ከፊታችን ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ያቃስታሉ። ኃላፊው ጥሩንባውን አይለቅም፤ ኩርባ ላይ ሊቀድም ይወጣል፣ ከላይ አውቶቡስ ሲመጣበት ይመለሳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ ከኋላዬ በሌላ ቋንቋ ያው ልመና ይሰማኛል። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። የገደሉ ፍርሃት አልነበረም። ስልኩ ነበር የሚያስፈራኝ።

«መኪናችሁ ደርሷል!» አለች ካርታ ሠሪዋ። «ቆሟል። ውሃውን ይዞ ቆሟል። ማገናኛው የታለ ይላሉ።»

«እኛ ጋ ነው።»

«ለምን እናንተ ጋ ሆነ?»

ቀጥላ ላስቲክ እየጠመጠሙ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንደፈነዳ። ሕዝቡ በባልዲ ይቀባበል ጀመር። የደሴው ታንከር አለቀ። እሳቱ ወደ ክፍሏ ገብቷል። ሽማግሌው መስኮቱ ላይ ናቸው፣ ፍርግርጉን ይዘው አየር ይስባሉ፤ ጎረቤቶች ከታች «አይዞዎት፣ አይልቀቁ» እያሉ ይጮኻሉ። ብረቱ እየጋለ ነው።

«ምን አለች?» አለ ጓደኛዬ ከኋላ።

«መስኮቱ ላይ ናቸው። ይናገራሉ።»

ከዚያ በላይ አልነገርኩትም። አልጠየቀኝምም። ከሐረጎ አናት በኋላ መንገዱ ሲከፈትልን ኃላፊው ፒካፑን እንዴት እንደነዳው አሁንም ሳስበው ይገርመኛል።

ፒያሳ ሰው በሰው ነበር። ጓደኛዬ መኪናው ሳይቆም ዘለለ፣ ማገናኛውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ይዞ ሕዝቡን በክርኑ እየከፈተ ሮጠ። ያ ነሐስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳን አልተሞከረም፤ ለመሞከር ነበር የወረድነው። ከደሴው መኪና አንዱ ሠራተኛ ተቀበለው። በአንድ በኩል ገባ። በሌላው በኩል አልገባ አለ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሠራተኛው ነቅሎ የገባበትን አሸዋ በእጅጌው ጠረገና መልሶ አዞረው። ገባ። ከጎኑ ትንሽ ውሃ እየተፉ ሁለቱ መኪኖች ተያያዙ፣ የተኛው ቱቦም ወፍሮ ተነሳ። ሕዝቡ «አላሁ አክበር» ሲል እኔም አብሬ «ሃሌሉያ» አልኩ፣ ማን የማንን እንደሰማ እንጃ።

ሽማግሌውን ፍርግርጉ ተቆርጦ ሲወርዱ አየኋቸው፤ አንድ ሠራተኛ በጀርባው አዝሏቸው በመሰላሉ ወረደ። ነበሩ። ሕያው ነበሩ። በእውነት እላለሁ፣ ያን ያህል በደስታ አልቅሼ አላውቅም።

ትይዩ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ወንበር አምጥተው አስቀመጧቸው። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓቸው ድረስ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አንዲት ነርስ ከሰው መሐል ወጥታ የጠቀለለችው ነው። ፊታቸው ጥቁር ጥላሸት፣ ድምፃቸው የተፋቀ። እኔና ካርታ ሠሪዋ ከኋላቸው ቆምን። ጓደኛዬ ፊታቸው ተንበረከከ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ጎንበስ አሉ።

«የት ነበርክ?» አሉት። ወቀሳ አልነበረበትም። ከመስኮቱ ላይ ሆነው በሰዉ መሐል ሲፈልጉት ቆይተው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ገባኝ።

«መንገድ ላይ ነበርኩ አባ።»

ኃላፊው ከጎናችን ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ባርኔጣውን አውልቆ ይዞታል። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር፣ ኪሱ ውስጥ ሦስት ፊርማ ያለበት ወረቀት አለ፣ ምንም አይደርስበትም። እንዲህ አለ፦

«መንገድ ላይ አልነበረም አባቴ። እኔ ጋ ነበር። እኔ ነኝ ያቆየሁት። ወረቀት እያጻፍኩት ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ቅንድባቸው የነበረበት ቦታ ተሸበሸበ።

«የምን ወረቀት?» አሉ።

አልተቆጡም። ሊገባቸው ፈልገው ነበር። ኃላፊው ወረቀቱ ያለበትን ኪሱን ነካ። እኔን አየኝ። እኔ ማስረዳት እንጀራዬ ነው፤ ተማሪ ሁለተኛ እንዳይጠይቀኝ አድርጌ ነው የማስረዳው። ስለ ታሸገው ክፍል፣ ስለ ሰብሳቢና ጸሐፊ፣ ስለ ደንቡ ልናገር ፈለግሁ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ሁሉም ቃል አሳፈረኝ።

ሽማግሌው ከአንዳችን ወደ ሌላችን እያዩ ጠበቁ።

ጓደኛዬ እጃቸውን ሊስም ዝቅ አለ። ፋሻውን ሲያይ ቆም አለ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ሳመ።